ጆሮ የሚወጋ «ሰ»፦ በተቀዳ ንግግር ላይ ፉጨትን የማለዘብ ዝርዝር መመሪያ

ተናጋሪው ጥሩ ነው፤ ጽሑፉ ተለፍቶበታል፤ ክፍሉም ጸጥ ያለ ነው። ቅጂው ሲከፈት ግን «ሰ» በመጣች ቁጥር ጆሮ ትወጋለች። አድማጭ የችግሩን ስም ላያውቀው ይችላል። መጀመሪያ ድምፁን ይቀንሳል፤ አሁንም ካልተመቸው ይዘጋዋል። በሄድፎን ለሚሰማ ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ይህ መመሪያ ያንን ሹል ድምፅ እንዴት እንደምናለዝበው ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ለፖድካስት፣ ለትረካ፣ ለቪዲዮ፣ ለቃለ መጠይቅ፣ ለማንኛውም የተቀዳ ንግግር ይሠራል። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። «ሰ»ን ለማጥፋት አትነሱ። ንግግርን ግልጽ ከሚያደርጉት ድምፆች አንዷ እሷ ናት። ከልክ በላይ ከተጫናችኋት አንደበተ ርቱዑን ሰው ኮልታፋ ታደርጉታላችሁ። ከዚህ በታች የምታዩዋቸው ቁጥሮች ሁሉ ትንንሽ የሆኑት ለዚህ ነው።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

«ሰ» ስንል ምላሳችን ከላይኛው ድድ ጋር ጠባብ መተላለፊያ ይሠራል። አየሩ በዚያች ጠባብ ቦታ ተገፍቶ ይወጣና ከጥርስ ጋር ይላተማል። የምንሰማው የዚያን አየር ሁከት ነው። ከመተላለፊያዋ ፊት ለፊት ያለው ትንሽ ክፍተት ደግሞ ድምፁ ምን ያህል ቀጭን እንደሚሆን ይወስናል። «ሸ» ስንል ምላስ ወደ ኋላ ሸሸት ስለሚል ክፍተቱ ይሰፋል። ስለዚህ «ሸ» ከ«ሰ» ወፈር ትላለች።

ወደ ቁጥር ስንመጣ (የድምፅ ቅጥነት የሚለካው በኪሎኸርዝ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ድምፁ ይቀጥናል)፣ የ«ሰ» ጉልበት በአብዛኛው ከ4 እስከ 10 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ይገኛል። በወንድ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ4.5 እስከ 7፣ በሴት ድምፅ ከ6 እስከ 9 አካባቢ ነው። የሕፃናት ከዚያም ከፍ ይላል። «ሸ» ግን ከ2.5 እስከ 5 ኪሎኸርዝ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። እነዚህን ቁጥሮች እንደ መነሻ ያዟቸው። ሰው ሁሉ የየራሱ ጥርስና ምላስ ስላለው የእያንዳንዱን ድምፅ ትክክለኛ ቦታ ራሳችን ፈልገን ማግኘት አለብን።

አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ቋንቋ ነው። ሰ፣ ዘ፣ ሸ፣ ዠ፣ ቸ፣ ጀ፣ ጨ፣ ጸ ሁሉም በዚህ ከፍ ያለ ክልል ድምፅ ያወጣሉ፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። «ሰ» እና «ሸ» ረዘም ብለው የሚፈሱ ድምፆች ናቸው። «ጸ» እና «ጨ» ደግሞ አየሩ ታፍኖ ቆይቶ በአንዴ የሚፈነዳባቸው ናቸው። አጭር ናቸው፤ መነሻቸው ግን ስለታም ነው። በዚህ ላይ መጥበቅና መላላት አለ። በ«ረሳ» ውስጥ ያለችው «ሳ» ትጠብቃለች፤ በ«ዓሣ» ውስጥ ያለችው ትላላለች። የምትጠብቀው ረዘም ስለምትል ጆሮ ላይ የበለጠ ትከብዳለች። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙት፤ መሣሪያውን ስናስተካክል ያስፈልገናል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ጥፋተኛውን ለዩ

ፕለጊን (በድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ከመክፈታችሁ በፊት ጥሬውን ቅጂ ያለ ምንም ኢፌክት አዳምጡ። ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ቢያወራችሁ የሚሰማውን ያህል ድምፅ ይበቃል። ከመጠን በላይ ከፍ አድርጋችሁ ከሰማችሁ ማንኛውም «ሰ» ይወጋችኋል።

ጥሬው ደህና ሆኖ የተሠራው ብቻ የሚወጋ ከሆነ ችግሩን የፈጠራችሁት እናንተው በኢፌክት ነው። ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ኮምፕሬሰሩ (ከፍ ያለውን ድምፅ እየተጫነ ከዝቅተኛው ጋር የሚያቀራርበው መሣሪያ) ከመጠን በላይ ተጭኗል። ወይ ድምፁ «ብሩህ» እንዲሆን ተብሎ በኢኪው (የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ክፍል ለየብቻ በሚያጎላና በሚቀንስ መሣሪያ) ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ብዙ ተጨምሯል። ወይ ደግሞ ኤክሳይተር ወይም ሳቹሬሽን የሚባሉት ቀጭን ድምፅ የሚጨምሩ ኢፌክቶች ገብተዋል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒት አትጨምሩ፤ በሽታውን ያመጣውን ቀንሱ። ኢኪው ላይ የጨመራችሁትን 4 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ወደ 2 ማውረድ ብቻ ግማሹን ችግር ሊፈታው ይችላል።

በሁለት መሣሪያ ማዳመጥም ግድ ነው። አንዳንድ ሄድፎን ራሱ በዚህ ክልል ድምፅን ያጎላል። በአንዱ ብቻ የሚወጋና በሌላው ሰላም የሆነ ቅጂ ብዙም መነካካት አያስፈልገውም።

ደረጃ 2፦ ገና ሳይቀዳ የሚሠራ ሥራ

ቅጂው ካለቀ ይህን ክፍል ማለፍ ትችላላችሁ። ነገ እንደገና የምትቀዱ ከሆነ ግን ከሁሉም የሚጠቅማችሁ ይኸኛው ነው። በማይክ አቀማመጥ የሚፈታውን ችግር የትኛውም ፕለጊን እንዲያ አድርጎ አይፈታውም።

የ«ሰ» አየር ከአፍ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ነው የሚወጣው። ማይኩ አፍ ፊት ለፊት ከተተከለ ሙሉውን ይቀበለዋል። ስለዚህ ማይኩን ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ጎን አዙሩት። ወይም ከአፍ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች አዘንብሉት። ተናጋሪው ወደ ፊት ያወራ፤ ማይኩ ግን በአጠገቡ እያለፈ ያለውን ድምፅ ይስማ። በአንድ አቅጣጫ የሚሰሙ ማይኮች ከጎን ሲመጣባቸው ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ስለሚቀንሱት ሁለት ጥቅም ታገኛላችሁ። ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ቢሆን ጥሩ ነው።

ብዙ ኮንደንሰር ማይኮች (በስቱዲዮ የተለመዱት፣ ረቂቅ ድምፅ የሚይዙት) ከ5 እስከ 12 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ድምፅ እንዲያጎሉ ተደርገው ይሠራሉ። ለስላሳና ለታፈነ ድምፅ ይህ መልካም ነው። ከተፈጥሮው «ሰ»ው ስለታም ለሆነ ሰው ግን እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ቀጭን ድምፅን ብዙ ጊዜ ያን ያህል የማያጎላው ዳይናሚክ ማይክ ይሻላል።

ፖፕ ፊልተር (ማይክ ፊት የሚቆመው መረብ) ይህን ችግር እንደሚፈታ የሚያስቡ አሉ። አይፈታም። ፖፕ ፊልተር የ«ፐ»ን እና የ«በ»ን የአየር ምት ነው የሚያበርደው። በቦታው ይኑር፤ ለ«ሰ» ግን አትጠብቁበት። ይልቅ በስቱዲዮ ሰዎች ዘንድ የቆየ አንድ ዘዴ አለ። እርሳስ ማይኩ ፊት፣ መሃል ለመሃል፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በላስቲክ ይታሰራል። ቀጥታ የሚመጣውን አየር ግራና ቀኝ ይከፍለዋል። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ግን ይሰማል።

ደረጃ 3፦ ፋይሉን አዘጋጁ

ኦሪጅናሉን አስቀምጡና በኮፒው ላይ ሥሩ። ፋይሉ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ቢሆን ይመረጣል፤ የናሙና መጠኑ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ቢሆን በቂ ነው። ኤምፒ3 ሆኖ ከመጣላችሁ ወደ ዌቭ መቀየሩ የጠፋውን አይመልስም፤ ግን ከዚህ በኋላ ተጨማሪ እንዳይጠፋ ያደርጋል።

ንግግሩና ሙዚቃው በተለያየ ትራክ ይሁኑ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ዲኤሰር የሚባለው የ«ሰ» ማለዘቢያ መሣሪያ (ደረጃ 6 ላይ እንመጣበታለን) ቀጭን ድምፅ በሰማ ቁጥር ይነቃል። የከበሮ ሳህን ይሁን «ሰ» ይሁን አይለይም። ሙዚቃው አብሮ ከተቀላቀለ በየምቱ ንግግሩን ይጫነዋል።

ከስልክ ጥሪ የተቀዳ ድምፅ ካላችሁም አንድ ነገር እወቁ። የድሮው ጠባብ የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው እስከ 3.4 ኪሎኸርዝ አካባቢ ብቻ ነው። 7 ኪሎኸርዝ ላይ ብትፈልጉ ምንም አታገኙም። የሚወጋው ነገር ካለ ከ2.5 እስከ 3.4 ባለው ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ አናባቢዎችም ስላሉ በጣም በጥንቃቄ ትንሽ ብቻ ነው የሚነካው።

ደረጃ 4፦ የሚወጋውን ቦታ ፈልጉ

ሁለት መንገድ አለ፤ በዓይንና በጆሮ። እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ፤ ግን የመጨረሻውን ውሳኔ ለጆሮ እተወዋለሁ።

በዓይን ለመፈለግ ትራኩን በስፔክትሮግራም (ድምፅን በጊዜና በቅጥነት ዘርግቶ በሥዕል በሚያሳይ እይታ) ክፈቱት። ኦዳሲቲ፣ ኦዲሽንና ሌሎች የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራሞችም ይህን እይታ ያሳያሉ። የላይኛው ገደብ ቢያንስ 16 ኪሎኸርዝ እንዲሆን አስተካክሉ፤ አለዚያ የምትፈልጉት ነገር ከስክሪኑ በላይ ይቀራል። ለሙከራ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «ሰባት ሻማ ሸጠን ስንጨርስ ፀሐይ ጠለቀች።» አናባቢዎቹ ከታች ተደራርበው የተሰመሩ መስመሮች ሆነው ይታያሉ። «ሰ» ላይ ስትደርሱ ግን የታችኛው ክፍል ባዶ ይሆንና ከላይ፣ ከ4 ወይም 5 ኪሎኸርዝ ጀምሮ፣ ደማቅ ደመና ብቅ ይላል። «ሻ» እና «ሸ» ላይ ደመናው ዝቅ ብሎ ይጀምራል። «ጨ» ጠባብ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ናት። «ስንጨርስ» እና «ፀሐይ» የሚገናኙበትን ቦታ ልብ በሉ። ፈጠን ብሎ ሲነበብ የመጨረሻዋ «ስ» እና «ፀ» ሊቀጣጠሉና ደመናው እንደ አንድ ሊረዝም ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ለመሣሪያውም ለጆሮም ከባዱ ቦታ ነው። መፈተኛችሁ ይሁን።

በጆሮ ለመፈለግ ኢኪው ክፈቱ። አንድ ጠባብ ባንድ (የድምፅ ክልል) ወስዳችሁ 8 ዴሲቤል ያህል ከፍ አድርጉት። የድምፁን መጠን በጣም ቀንሱ፤ ያለበለዚያ ጆሮአችሁን ትጎዳላችሁ። አሁን «ሰ» የበዛበትን ቦታ እየደጋገማችሁ ባንዱን ከ4 እስከ 10 ኪሎኸርዝ በዝግታ አንቀሳቅሱት። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ ፉጨቱ ሊታገሡት የማይቻል ይሆናል። ቁጥሩን ጻፉ። ባንዱን ወደ ዜሮ መልሱት። እዚያው ላይ ግን በቋሚ ኢኪው ለመቁረጥ አትቸኩሉ። ቋሚ ኢኪው «ሰ» በሌለችበትም ጊዜ ይቆርጣል፤ ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ በእጅ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ወደ ፕለጊን ይሄዳል። እኔ ግን ከሁሉም የማምነው ይህን ነው። ሠሪው ሰው ስለሆነ የትኛዋ «ሰ» እንደበዛች፣ የትኛዋ ልክ እንደሆነች ያውቃል።

ዘዴው ቀላል ነው። የሚወጋውን «ሰ» ታገኛላችሁ፤ እሷን ብቻ ትመርጣላችሁ፤ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ትቀንሷታላችሁ። አለቀ። አናባቢውን አትንኩ። ምርጫው በሁለቱም ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሚሊሴኮንድ የሚደርስ ለስላሳ መሸጋገሪያ ይኑረው፤ አለዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ክሊፕ ጌይን ወይም ኤንቨሎፕ (የተመረጠን ቦታ ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ) ያለው ማንኛውም ፕሮግራም ይህን ይሠራል።

ወደ ሙከራ ዓረፍተ ነገራችን እንመለስ። «ሰባት» ላይ ያለችው የመጀመሪያዋ «ሰ» ከዝምታ በኋላ፣ ሙሉ ትንፋሽ ይዛ ስለምትመጣ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ትጠነክራለች። እሷን 5 ዴሲቤል ቀንሱ። «ሻ» እና «ሸ» ካልወጉ ተዉአቸው። «ስንጨርስ» መጀመሪያ ላይ ያለችውን «ስ» 3 ቀንሱ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ደግሞ 4፤ «ፀ» ስትጀምር ግን ወደ ዜሮ ተመለሱ። «ፀ» የራሷ ፍንዳታ ካልተሰማ ቃሉ ይደበዝዛል።

በተለመደ ንግግር አንዷ «ሰ» ወደ 100 ሚሊሴኮንድ ነው የምትጠጋው። ስለዚህ ስክሪኑን በደንብ ማጉላት ያስፈልጋል። ሁለት ደቂቃ ለሚሆን ማስታወቂያ ወይም ለቪዲዮ ትረካ ሙሉውን በእጅ መሥራት ይቻላል፤ እኔም የምመክረው ያንን ነው። ለአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ግን ጊዜው አይፈቅድም። እዚያ ላይ ዋናውን ሥራ ለዲኤሰር ስጡና አምልጠው የወጡትን ብቻ በእጅ ያዙ።

ደረጃ 6፦ ዲኤሰሩን ማስተካከል

ዲኤሰር ማለት የተወሰነ የድምፅ ክልል ላይ ጆሮውን የሚጥል ኮምፕሬሰር ነው። በዚያ ክልል ድምፅ ከወሰናችሁለት ደረጃ በላይ ሲሆን ይጫነዋል፤ ሲወርድ ይለቀዋል። ኦዲሽን፣ ሎጂክና ዳቪንቺ ሪዞልቭ አብሯቸው የሚመጣ ዲኤሰር አላቸው። ኦዳሲቲ የራሱ ባይኖረውም ከውጭ የሚጫኑ ፕለጊኖችን ይቀበላል። ስሙ ምንም ይሁን ምን መቆጣጠሪያዎቹ አንድ ናቸው።

መጀመሪያ ከቅጂው በጣም የሚወጋውን 20 ሴኮንድ ምረጡና ደጋግሞ እንዲጫወት አድርጉ። ሁልጊዜ ከአስቸጋሪው ቦታ ጀምሩ።

ቀጥሎ ዋይድባንድ ነው ስፕሊትባንድ የሚለውን ወስኑ። ዋይድባንድ «ሰ» ስትመጣ ሙሉውን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ስፕሊትባንድ ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ (የድምፅ ቅጥነት) በላይ ያለውን ብቻ። ትንሽ ብቻ የምትቀንሱ ከሆነ ዋይድባንድ ጥሩ ነው፤ በእጅ ስንሠራ ያደረግነውን ስለሚመስል ድምፁ አይቀየርም። 4 ዴሲቤል እና ከዚያ በላይ ካስፈለገ ስፕሊትን እመርጣለሁ። በዚያ መጠን ዋይድባንድ ንግግሩን ሲያነጥረው ይሰማል።

አሁን ፍሪኩዌንሲው። አብዛኞቹ ዲኤሰሮች መሣሪያው የሚሰማውን ብቻ የሚያሰማ ቁልፍ አላቸው፤ «ሊስን» ወይም የጆሮ ምልክት ይሆናል። ተጫኑት። ደረጃ 4 ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር አስገቡና ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱ። ትክክለኛው ቦታ «ሰ» ጎልታ፣ አናባቢዎች ደግሞ ከሞላ ጎደል ጠፍተው የሚሰሙበት ነው። አናባቢ ብዙ ከተሰማ ዝቅ ብላችኋል፤ ከፍ በሉ። «ሰ» ራሷ ከሳሳች አልፋችሁታል። ሲያልቅ ቁልፉን መልሳችሁ አጥፉ፤ ረስተውት የሚጨነቁ ብዙ ናቸው።

ከዚያ ትሬሾልድ፣ ማለትም መሣሪያው መጫን የሚጀምርበት ደረጃ። ከላይ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አውርዱት። ዓይናችሁ መቀነሻውን የሚያሳየው መለኪያ ላይ ይሁን። መለኪያው የሚወጋው «ሰ» ላይ ብቻ ዘለል ማለት አለበት። አናባቢ ላይም የሚንቀሳቀስ ከሆነ ብዙ አውርዳችኋል። ከባዱ «ሰ» ላይ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ሲቀንስ ቁሙ። «ሬንጅ» የሚባል መቆጣጠሪያ ካለ 6 ላይ ገድቡት። ይህ ገደብ ብዙ ጥፋት ያስቀራል፤ አንዷ «ሰ» በጣም ብትጠነክርም መሣሪያው ከዚያ በላይ እንዳይጫን ያደርጋል።

አታክና ሪሊዝ ላይ ትንሽ ልቆይ። አታክ መሣሪያው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚይዝ ነው። ከ0.5 እስከ 2 ሚሊሴኮንድ ይሁን። ከዘገየ የ«ሰ» መነሻ አምልጦ ይወጣና ጫፉ ብቻ ጆሮ ይወጋል። ሪሊዝ ደግሞ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚለቅ ነው። ከ40 እስከ 80 ሚሊሴኮንድ ጥሩ መነሻ ነው። በጣም ካጠረ በአንዷ ረጅም «ሰ» ውስጥ ይዞ ይለቃል፤ እንደገና ይይዛል፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ረሳ» ዓይነት የምትጠብቅ «ሰ» ያለባቸውን ቃላት በዚህ ፈትኑ። በጣም ከረዘመ ደግሞ ከ«ሰ» በኋላ የሚመጣውን ድምፅ ይዞ ይቀራል። «ስንጨርስ ፀሐይ» ላይ «ፀ» ከደበዘዘችባችሁ ሪሊዙን አሳጥሩ። «ሉክአሄድ» ካለ ክፈቱት፤ መሣሪያው ድምፁን ጥቂት ቀድሞ ስለሚያይ «ጸ» እና «ጨ» አያመልጡትም።

ሁለት ሰው በአንድ ቅጂ ካለ ለየድምፁ የየራሱ ዲኤሰር በየራሱ ትራክ ይግባ። በ5.5 ኪሎኸርዝ የሚፏጭን ሰው እና በ8 የሚፏጭን ሰው በአንድ ቅንብር ማስታረቅ አይቻልም።

ደረጃ 7፦ ከኮምፕሬሰር በፊት ወይስ በኋላ?

ይህ ብዙ ያከራክራል። መልሱን ለማግኘት ኮምፕሬሰር ምን እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። ኮምፕሬሰር የሚነቃው በጉልበት ነው፤ የንግግር ጉልበት ደግሞ ያለው አናባቢ ላይ ነው። ስለዚህ አናባቢውን ይጫናል፤ «ሰ» ግን ብዙ ጊዜ ከትሬሾልዱ በታች ሆና ሳትነካ ታልፋለች። ከዚያ የቀነሰውን ለማካካስ ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ እናደርጋለን። ያልተነካችው «ሰ» አብራ ወጣች ማለት ነው። ኮምፕሬሰር በገባ ቁጥር ፉጨት የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አንድ ዲኤሰር ብቻ የምታስገቡ ከሆነ ከኮምፕሬሰሩና ቀጭን ድምፅ ከሚጨምረው ኢኪው በኋላ አስገቡት። ሁሉም ነገር ሆኖ ያበቃውን ድምፅ ያያል። ችግሩ ከባድ ከሆነ ደግሞ ለሁለት ክፈሉት። ከኮምፕሬሰሩ በፊት 3 ዴሲቤል፣ በኋላ 3 ዴሲቤል። ሁለት ቀላል ጫና ከአንድ ከባድ ጫና ይልቅ ያምራል።

የሥራው ቅደም ተከተል በአጭሩ፦ የጀርባ ጩኸት ማጽዳት፣ የማይፈለገውን ወፍራም ድምፅ መቁረጥ፣ በእጅ የሚሠራው፣ ኮምፕሬሰር፣ ኢኪው፣ ዲኤሰር፣ በመጨረሻም የድምፅ ደረጃን ማስተካከል።

ዲኤሰር ከሌላችሁ

ዳይናሚክ ኢኪው (ድምፁ ሲበረታ ብቻ የሚቆርጥ ኢኪው) ካላችሁ ምንም አልጎደለባችሁም። ቲዲአር ኖቫ የሚባለው ነፃ ፕለጊን ለዚህ በቂ ነው። አንድ ባንድ ያገኛችሁት ፍሪኩዌንሲ ላይ አስቀምጡ፤ ትሬሾልዱን ክፈቱ፤ ቅነሳው ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል እንዲሆን አድርጉ። ባንዱን ማስፋትና ማጥበብ ስለሚቻል ከብዙ ዲኤሰር የበለጠ ያግዛል። በሪፐር ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ደግሞ አብሮት የሚመጣውን ሪያኤክስኮምፕ (ድምፅን በየባንዱ ከፍሎ የሚጫን ኮምፕሬሰር) መጠቀም ይችላል። የላይኛውን ባንድ ብቻ አስነስቶ ሌሎቹን መተው ነው።

እውነተኛ ፉጨት ሲሆን

አንዳንድ ሰው «ሰ» ሲል ጠርቶ የሚሰማ ቀጭን ፊሽካ ይወጣዋል። በስፔክትሮግራም ላይ በደመናው መሃል አንድ ደማቅ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። ይህን ዲኤሰር አይፈታውም፤ ደመናውንና መስመሩን አብሮ ስለሚያወርድ ፊሽካው ጎልቶ ይቀራል። መፍትሔው ዳይናሚክ ኢኪው ነው። በጣም ጠባብ ባንድ በትክክል መስመሩ ላይ አስቀምጡና ከ8 እስከ 10 ዴሲቤል እንዲቀንስ ፍቀዱለት። ጠባብ ስለሆነ ሌላውን አይጎዳም። በዚህ መመሪያ ትልቅ ቁጥር የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ከልክ እንዳላለፋችሁ አረጋግጡ

ጆሮ ቶሎ ይለምዳል። ግማሽ ሰዓት በ«ሰ» ላይ ብቻ ካተኮራችሁ ሁሉም «ሰ» መጥፎ ይመስላችኋል፤ የበለጠ ትጫናላችሁ። እረፍት ውሰዱ። ከዚያ ዲኤሰሩን በባይፓስ ቁልፍ እያጠፋችሁና እያበራችሁ አወዳድሩ። ሲጠፋ ፉጨቱ መመለስ አለበት፤ ሲበራ ግን ተናጋሪው ያው ራሱ ሰው መሆን አለበት።

ለአማርኛ አንድ ጥሩ መፈተኛ አለ። የ«ሰ» የላይኛው ክፍል ከመጠን በላይ ሲቆረጥ የሚቀረው የታችኛው ነው፤ ያ ደግሞ ወደ «ሸ» ይጠጋል። «ሰጠ» የሚለው «ሸጠ» መምሰል ከጀመረ አልፋችኋል። የ«ጸ» መነሻ ፍንዳታ ሲደበዝዝ ደግሞ «ጸጋ» ወደ «ሰጋ» ይሄዳል። ጽሑፉን ለማያውቅ ሰው አንድ አንቀጽ አሰሙትና የሰማውን ይድገምላችሁ። ቃል ካሳተ ትሬሾልዱን 2 ዴሲቤል ከፍ አድርጉ።

ደረጃ 9፦ ማውጣት

የድምፅ ደረጃውን ካስተካከላችሁ በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና አዳምጡ። በፖድካስት የተለመደው -16 ኤልዩኤፍኤስ (ድምፁ በአጠቃላይ ለጆሮ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚያሳይ መለኪያ) አካባቢ ነው። እዚያ ለመድረስ ሊሚተር (ድምፅ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዘው መሣሪያ) ጠንክሮ ከሠራ ልክ እንደ ኮምፕሬሰሩ «ሰ»ን መልሶ ሊያወጣት ይችላል።

ኤምፒ3 ስታወጡ አትሰስቱ። «ሰ» ሥርዓት የሌለው ሁከት ስለሆነች ፋይል ለማሳነስ ለሚሠራው ሥርዓት ከሁሉም ትከብዳለች። የኪሎቢቱ መጠን ዝቅ ሲል መጀመሪያ የምትበላሸው እሷ ናት፤ ውኃ ውስጥ የገባች ያህል ትንቦጫረቃለች። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ዲኤሰሩን ይወቅሳል። ለሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ንግግር በሴኮንድ 96 ኪሎቢት፣ ለስቴሪዮ (ባለ ሁለት ቻናል) 128 እና ከዚያ በላይ አድርጉ።

የወጣውን ፋይል በማግስቱ፣ በስልክ ስፒከርና በተራ የጆሮ ማዳመጫ፣ ስክሪን ሳታዩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙት። የምትወጋችሁ «ሰ» ስትመጣ ደቂቃና ሴኮንዷን ጻፉ፤ አታቁሙ። ሲያልቅ ዝርዝሩ አጭር ከሆነ ዲኤሰሩን አትንኩት፤ እነዚያን ብቻ በደረጃ 5 መንገድ በእጅ አስተካክሉና ፋይሉን እንደገና አውጡ።